በደጋና በቆላ መካከል የአንዲት ጸጉር ውፍረት

ስለ ሞተር ብስክሌት የቤንዚን መመጠኛ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ማለዳ ሁለት አገር ያያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት የጧቱ ብርድ አጥንት ዘልቆ ይገባል። ጣርማ በር ሲደረስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ጉሙም ፊት ለፊት ያለውን ሰው እንኳ የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቍልቍለቱን ሲጀምር፤ አምሳ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፤ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ብሎ ማሽላ ከሚዘራበት ከሸዋ ሮቢት ሜዳ ያደርሳል። መንገደኛው ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን ያወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲገባ የሸሚዙን ቍልፍ ይፈታል። ይህንንም የሚያደርገው ማንም ሳይነግረው ነው። የተቀመጠበት ሞተር ብስክሌት ግን ባለ ካርቡራተር ከሆነ፤ ጋቢውን የሚያወልቅለት ሰው ይሻል።

ካርቡራተር ማለት አየርንና ቤንዚንን በልክ ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። በአዳዲሶቹ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ይህን ሥራ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ተረክቦታል፤ እርሱም የአየሩን ሁኔታ ራሱ እየለካ ቤንዚኑን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ለእነዚህ ባለቤቶች ዛሬ የምንሰጠው ምክር የለም። ነገር ግን የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ሠራተኞች በየወረዳው ከሚጋልቧቸው ሞተሮች ብዙዎቹ ዛሬም ባለ ካርቡራተር ናቸው፤ ይህንም ጽሑፍ የምናቀርበው በተለይ ለእነርሱና፤ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤታቸውን ጓሮ የጋራዥ ቅርንጫፍ ለሚያደርጉት ሁሉ ነው።

በዚህ አጋጣሚ፤ አማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ሳንጠቁም አናልፍም። ወደ ጋራዥ ስትሄዱ ከመማሪያ መጻሕፍት ያላገኛችኋቸውን ቃላት ትሰማላችሁ። እሳት የምትጭረው ዕቃ ካንዴላ፣ ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ፣ መቈንጠጫው ፒንሳ፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ይባላል። እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ሕዝቡም ስለ ለመዳቸው ሌላ ስም ቢነገረው ግር ይለዋል። ስለዚህ በጋራዥ ውስጥ የመዝገበ ቃላቱን አማርኛ ትታችሁ የመካኒኩን አማርኛ ብትናገሩ ሥራችሁ በቶሎ ይቃናል።

አሁን የምንናገርላት ዕቃ ግን በጣም ትንሽ ናት። በካርቡራተሩ የታችኛው ጽዋ ውስጥ የምትገኝ፤ ከናስ የተሠራች፤ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ብሎን ስትሆን፤ በመካከሏ ቀጭን ቀዳዳ አለባት። ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቤንዚን በዚህች ቀዳዳ ልክ ይመጠናል። በውጭ አገር መጻሕፍት ጄት ትባላለች፤ እኛ በሥራዋ መመጠኛ እንላታለን። በአንድ ካርቡራተር ውስጥ ከአንድ በላይ መመጠኛ አለ፤ ዛሬ የምንመለከተው ግን ዋናዪቱን ነው። እርሷም የምታዝዘው የነዳጅ መስጫው ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት፤ ማለት ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ ነው።

ስለዚህች ትንሽ ብሎን እንድናስብ ያደረገን አንድ የራሳችን ገጠመኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ አውራ መንገድ ላይ ክትባት እናመላልስ ነበር። የተሰጠን ሞተር ብስክሌት ባለ ሁለት ስትሮክ ሲሆን፤ መመጠኛዪቱ ከፋብሪካው የወጣችው ለባሕር ዳርቻ አየር ተስማምታ ነው። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ዳገት ላይ ጥቁር ጢስ ይተፋል፤ ቤንዚን ይፈጃል፤ ካንዴላውም በየሳምንቱ ጥቀርሻ እየያዘ ይጠፋብናል። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። እዚያ የነበረው ሰው መመጠኛዪቱን አውልቆ ቀዳዳዋን ሬዲዮ ጠጋኞች በሚበይዱበት ቅይጥ ደፈነና፤ በዐይኑ እየገመተ እንደ ገና በቀጭን መብሻ በሳት። መለኪያ የሚባል ነገር በእጁ አልነበረም። ሞተሩ ግን በዚያኑ ቀን ተፈወሰ፤ ጢሱ ጠፋ፤ ዳገቱን እየዘለለ ወጣ። እኛም ሰውየውን አመስግነን፤ ለባልንጀሮቻችንም አሞግሰን ተናገርን።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሸዋ ሮቢት በታች በሚገኝ ቀበሌ የክትባት ቀን ተቀጠረ። የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላ አስረን በማለዳ ወረድን። ቍልቍለቱ ላይ ምንም የተለየ ነገር አልነበረም፤ በቍልቍለት የነዳጅ መስጫውን ማን ይከፍታል? ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ሰዓቱ እንዳያልፍብን ስለ ሠጋን እስከ መጨረሻው ከፈትነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄድን በጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ያለ ድምፅ ከሞተሩ መጣ። ነፋስ መስሎን አለፍነው። ከዚያም ኀይሉ ድንገት ደከመ፤ ወዲያውም የኋላው ጎማ ተቈልፎ በአስፋልቱ ላይ ተንሸራተተ። ፍሪሲዮኑን በጊዜ ባንይዝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው በሆነ ነበር። ፒስቶኑ ግሎ፤ አብጦ፤ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆመልን። «ወንድሜ፤ ሣጥኑን እኔ አደርስልሃለሁ፤ አንተ ከሞተርህ ጋር ቈይ» አለን። ሣጥኑም ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሰ። ክትባቱ አልተበላሸም፤ ነገር ግን ከጧት ጀምሮ ከዛፉ ጥላ ሥር የተቀመጡት እናቶች አብዛኛዎቹ ከብት የሚያስገቡበት፤ ውሃ የሚቀዱበት ሰዓት ስለ ደረሰ ወደየቤታቸው ተመልሰው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ስንሄድ አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ መጣችና፤ «ልጄ፤ ያን ቀን እስኪደክመን ጠበቅንህ» አለችን። በቁጣ አልነበረም። ቢሆንም ነገሩ እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

ምን ሆነ? ጋራዡ የሠራው ሥራ በአሳቡ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው በልኩ ነው። ይህን ለመረዳት ካርቡራተር እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

አየር በጠባብ ጕሮሮ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱም ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። ስለ ፈሳሽ ነገሮች ፍጥነትና ግፊት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1738 ዓ. ም. የጻፈው ዳንኤል ቤርኑሊ ነው፤ ጠባቡ ጕሮሮም በ1797 ዓ. ም. ስለዚሁ ጕዳይ በጻፈው በኢጣልያዊው ሊቅ በቬንቱሪ ስም ይጠራል። በካርቡራተሩ ጕሮሮ ውስጥ ግፊቱ ስለሚቀንስ፤ በታችኛው ጽዋ ያለው ቤንዚን በመመጠኛዪቱ ቀዳዳ በኩል ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ቤንዚን በቀዳዳ እየተረጨ የሚወጣበትን ካርቡራተር ቪልሄልም ማይባኽ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1893 ዓ. ም. ሠርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም መሠረቱ ያው ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ደጋ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ከመቶ 25 እጅ ያህል ይጐድላል። ቤንዚኑም በዚያው ልክ ቢቀንስ ኖሮ ችግር ባልነበረ። አየሩ ሲሳሳ የመሳብ ኀይሉ ስለሚደክም በእርግጥ ጥቂት ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚቀንሰው የጐደለውን አየር ግማሽ ያህል ነው። የቀረው ከመቶ 12 እጅ ያህል ትርፍ ሆኖ፤ ጥቁር ጢስና ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል።

በዚህ ላይ ሌላ ግማሽ አለ፤ ብዙ ሰዎችን የሚያሳስተውም ይኸኛው ነው። የአንድ ክብ ቀዳዳ ወርድ ጥቂት ሲቀንስ ስፋቱ በእጥፍ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከመቶ 12 እጅ ቤንዚን ለመቀነስ የቀዳዳዪቱን ወርድ መቀነስ የሚገባን ከመቶ 6 እጅ ብቻ ነው። የአየሩ ጕድለት 25፤ የቤንዚኑ ትርፍ 12፤ የቀዳዳዋ ወርድ 6፤ እያንዳንዱ የፊተኛው ግማሽ ያህል መሆኑን በማየት በቀላሉ ማስታወስ ይቻላል። ወርዷ 1 ሚሊ ሜትር የነበረች ቀዳዳ ለአዲስ አበባ አየር 0.94 ሚሊ ሜትር መሆን አለባት። ልዩነቱ የአንዲት የራስ ጸጉር ውፍረት ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በዐይን ገምቶ መብሳት ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ አንባቢው ይፍረድ።

በመመጠኛዪቱ ላይ የተቀረጸው ቍጥርም ጥንቃቄ ይሻል። በኬሂን ካርቡራተሮች ላይ ቍጥሩ የቀዳዳዋን ወርድ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ያመለክታል፤ 100 ማለት 1 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ ስድስት ማዕዘኗ የሚኩኒ መመጠኛ ግን ቍጥሯ የሚያልፍባትን ፈሳሽ መጠን የሚያሳይ ነው። ስለዚህ በአንደኛው ከቍጥሩ ላይ ከመቶ 6፤ በሁለተኛው ከመቶ 12 እጅ ይቀነሳል። የአንዱን ቍጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር ክንድን ከስንዝር ጋር እንደ ማነጻጸር ነው።

ሞተራችን ከተጠገነ በኋላ ሥራውን በቤታችን ለመሥራት ቈረጥን። ከመለዋወጫ መደብር ቍጥሯ 100 የሆነች አዲስ መመጠኛ ገዛን፤ ጋራዡ የበሳትንም አልጣልናትም። ማይክሮሜትር የሚባለው መለኪያ የለንም፤ ከቤት ውስጥ ያገኘነው አንድ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የልጃችን ማስመሪያ፣ አንድ እርሳስና ሰኮንድ የሚቈጥር ሰዓት ነው። ባለቤታችን የስፌት መርፌ እንዳንወስድባት አስቀድማ አስጠነቀቀች፤ በዚህም ሳታውቀው ትልቅ ምክር ሰጠችን። መመጠኛን በመርፌ መጐርጐር በብዙ ቤት የተለመደ ስሕተት ነው። መርፌው ብረት፤ መመጠኛዪቱ ግን ለስላሳ ናስ ስለሆነች፤ ቆሻሻውን ሲያወጣ ቀዳዳዋን ይቧጭራል፤ ያሰፋልም። ለማጽዳት በቤንዚን አጥቦ በአፍ ሳይሆን በጎማ መንፊያ መንፋት፤ ግድ ካለም በመጥረጊያ ስንጥር መጥረግ ይበቃል።

አሁን ስለ ጠርሙሱ እንናገር፤ የሥራው ልብ እርሱ ነውና። የጠርሙሱን ቂጥ ቈርጠን ገለበጥነው። ክዳኑን ከመመጠኛዪቱ ጥርስ ትንሽ በሚያንስ መብሻ በሳነውና መመጠኛዪቱን በካቻቢቴ ጠምዝዘን አስገባናት፤ ናሱ ፕላስቲኩን እየነከሰ ገጠመ፤ ውሃም አላፈሰሰም። በጠርሙሱ ጎን ላይ ከላይና ከታች ሁለት መስመር አሰመርን፤ በመካከላቸው የሩብ ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ከዚያም በጨርቅ የተጣራ ንጹሕ ውሃ ሞልተን፤ ውሃው ከላይኛው መስመር ተነሥቶ ከታችኛው እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ቈጠርን። ለዚህ ሥራ ቤንዚን መጠቀም አያስፈልግም፤ የምንፈልገው የሁለት ቀዳዳዎችን ንጽጽር ስለሆነ ውሃ ይበቃል፤ ከእሳትም ያድናል። ልጃችን ሰዓቱን ይዞ «አባዬ፤ ደረሰ!» እያለ ሦስት ሦስት ጊዜ ለካን፤ አማካዩንም ወሰድን።

አዲሲቱ ባለ 100 መመጠኛ ውሃውን በ4 ደቂቃ አወረደችው። ጋራዡ የበሳት ግን 5 ደቂቃ ከ10 ሰኮንድ ፈጀች። ይህን ቍጥር ስናይ ሁለታችንም ዝም አልን። 240 ሰኮንድ ለ310 ሲካፈል 0.77 ይሆናል፤ እንግዲህ ያቺ ቀዳዳ ቤንዚኑን ከመቶ 23 እጅ ቀንሳዋለች። ደብረ ብርሃን የሚፈልገው ከመቶ 13 ወይም 14 እጅ ብቻ ነበር፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 6 እጅ ያህል ብቻ። በደጋው ላይ ሞተሩ ቀድሞ በቤንዚን ታፍኖ ስለ ነበረ ጕድለቱ እንደ ጤና ታየን። ቆላ ወርደን እስከ መጨረሻው በከፈትነው ጊዜ ግን ሞተሩ ከሚገባው ቤንዚን ከመቶ 17 እጅ ያህል ተነፍጎ ነበር። ቤንዚን ሲያንስ ማቃጠያው ክፍል ከልክ በላይ ይግላል፤ እንደኛው ሞተር ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በሚሄድበት ላይ ደግሞ ቤንዚን ሲቀንስ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳል። ጢስ የሚበዛበት ሞተር ገንዘብ ይበላል፤ ቤንዚን የተነፈገ ሞተር ግን ፒስቶኑን ይበላል።

መጀመሪያ የሞከርነው ቀዳዳን ሳይነኩ የማጥበብ ዘዴ ነው። ከቀጭን የመዳብ ሽቦ አንዲት ዘለላ ተወስዳ በቀዳዳዋ ውስጥ ታልፍና ሁለቱ ጫፎቿ ይቈለመማሉ። ሽቦዋ የያዘችው ቦታ ያህል ቀዳዳዋ ይጠባል፤ ሽቦዋ ስትወጣ መመጠኛዪቱ እንደ ቀድሞዋ ትሆናለች። ይህ ከሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ የምንወደው ነው፤ ስሕተቱ የሚመለስ ስለሆነ። የሽቦውን ውፍረት ለመለካት ደግሞ በእርሳስ ላይ ጎን ለጎን አጠጋግቶ መጠምጠምና በማስመሪያ መለካት ይበቃል። 40 ዙር 1 ሳንቲ ሜትር ከሞላ የሽቦው ውፍረት 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። የሽቦው ቀለም ወይም ልባስ ግን አስቀድሞ መገፈፍ አለበት፤ አለበለዚያ ልኩም ያሳስታል፤ ልባሱም ሊላቀቅ ይችላል።

በሒሳባችን መሠረት ባለ 0.25 ሁለት ዘለላ ሽቦ የ1 ሚሊ ሜትርን ቀዳዳ ስፋት ከመቶ 12.5 እጅ ይቀንሳል። በጠርሙሱ ስንፈትነው ግን 4 ደቂቃ ከ50 ሰኮንድ ሆነ፤ ይህም ከመቶ 17 እጅ ቅነሳ ነው። ሽቦ ቦታ ከመያዙም በላይ በጎኑ የሚያልፈውን ፈሳሽ ይዞ ስለሚያዘገይ፤ ሒሳቡ ብቻውን አይታመንም። አንዱን ዘለላ ብናወጣ 4 ደቂቃ ከ20 ሆነ፤ ይህ ደግሞ አነሰ። በመጨረሻ 33 ዙሩ 1 ሳንቲ ሜትር የሚሞላ፤ ማለት 0.30 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሽቦ አግኝተን 4 ደቂቃ ከ32 ሰኮንድ ላይ ደረስን። ሒሳቡ የሚለው 4 ደቂቃ ከ37 ነበር። አምስቱን ሰኮንድ ሆን ብለን ተውናት፤ ስሕተት ካለ ቤንዚን በመትረፍ በኩል ይሁን ብለን ነው። የሽቦው ጫፎች ከመመጠኛዪቱ በላይ ያለችውን የካርቡራተር መርፌ እንዳይነኩ አጥብቆ መቈልመምና፤ ጽዋው በተከፈተ ቍጥር መመልከት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዘዴ ማስፋት ነው፤ ለዚህም ያቺ የጋራዡ ጠባብ መመጠኛ ተገኘች። ብየዳ ሠራተኞች የችቦአቸውን አፍ የሚጠርጉባቸው፤ ጥርስ ያላቸው ቀጫጭን ሽቦዎች በገበያ ይገኛሉ። ከእነርሱ ለቀዳዳዋ የምትስማማውን መርጠን በጣታችን ብቻ ሁለት ሁለት ጊዜ እያዞርን፤ ከዚያም እያጠብን፤ ወደ ጠርሙሱ እየመለስን ፈተንናት። 5 ደቂቃ ከ10 የነበረው 5 ደቂቃ ሆነ፤ ከዚያ 4 ደቂቃ ከ51፤ ከዚያ 4 ደቂቃ ከ40። ቀዳዳዋ የተደፈነችበት ቅይጥ ቆርቆሮና እርሳስ ስለሆነ ከናስ ይልቅ ቶሎ ይበላል፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው በአንድ ትንፋሽ ያበላሸዋል። የኤሌክትሪክ ትራፓኖ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይነካም። ከመሸ በኋላ 4 ደቂቃ ከ33 ላይ ስትደርስ አቆምን፤ ልጃችንም ሰዓቱን እንደ ያዘ እንቅልፍ ወሰደው።

ቅይጡ በካርቡራተሩ ውስጥ ይቀልጥ ይሆን ብሎ የሚሠጋ ቢኖር፤ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ለመቅለጥ ከ180 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ የካርቡራተሩ ጽዋ ደግሞ ያን ያህል ሊግል አይችልም። ይልቅስ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። እርሳስ መርዝ ስለሆነ የሚበይድ ሰው ጢሱን አይሳብ፤ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ አይቍረስ፤ የወጥ ቤት ዕቃም ለዚህ ሥራ አይዋስ። ከሁሉም በላይ ካርቡራተር በሚፈታበት ቤት ቡና አይፈላም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ለመሬት ተስቦ የከሰል ምድጃውን ያገኘዋል። እኛ በጓሮ ሠርተን፤ ቡናውን ከሥራው በኋላ ጠጣን።

መመጠኛን ከመንካት በፊት መታየት የሚገባቸው ነገሮች እንዳሉም መዘንጋት የለበትም። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ፤ ወይም ቾክ የሚባለው የብርድ ማስነሻ ተዘግቶ ከቀረ፤ ሞተሩ ያው ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ያን ጊዜ መመጠኛን ማጥበብ የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ማከም ነው።

የመጨረሻው ዳኛ ካንዴላ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በአንድ ዳገት ላይ የነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ጥቂት መንዳት፤ ከዚያም ፍሪሲዮኑን ይዞ ሞተሩን በአንድ ጊዜ ማጥፋትና ካንዴላውን አውጥቶ ማየት ነው። ጥቁርና ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ቤንዚን አንሷል፤ ያን ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀጥሉ ማቆም ነው። ለስለስ ያለ ቡናማ መልክ ካለው ልኩ ደርሷል። የእኛ ከጣርማ በር በታች ባለው ዳገት ላይ በጋራዡ መመጠኛ ስንፈትነው ጥቂት ጠቆር ያለ ቡናማ ነበር፤ የተውናት አምስት ሰኮንድ ያህል መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን መመጠኛዎች በአንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ እንይዛለን። በጋራዡ መመጠኛ ራስ ላይ በምስማር «ደ» ብለን ጽፈናል፤ ለደጋው። ያልተነካችው ባለ 100 «ቆ» ናት፤ ለሸዋ ሮቢት ከሚገባው ጥቂት ቤንዚን ብታበዛም ፒስቶኑን አታስርብም። የመዳብ ሽቦዋም ለክፉ ቀን በዚያው ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጣለች። ወደ ቆላ ስንወርድ ደብረ ሲና ላይ እንቆምና ሻይ እናዛለን፤ ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ እንጠብቃለን፤ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማንጠብጠብ አይገባምና። ከዚያ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግተን የጽዋውን አራት ብሎኖች እንፈታለን። ብሎኖቹን የሻይ ቤቱ ትንሽ ልጅ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ይዞ ይቈጥርልናል፤ አንድ ጊዜ ሦስት ብሎ አስደንግጦናል፤ አራተኛው ከጫማችን ሥር ተገኘ።

ባለፈው የክትባት ቀንም እንዲሁ አድርገን ወረድን። ሜዳው ላይ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍተን ሄድን፤ ጆሯችን ያን የጠጠር ድምፅ ሲጠብቅ ቈየ፤ አልመጣም። ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ከዛፉ ሥር ደረስን። እናቶቹ ገና መሰብሰብ ጀምረው ነበር፤ ሣጥኑን ስንከፍተውም በረዶው አልቀለጠም።